ጀግናው ስብሰባ ላይ ነው

ሰው ሁሉ «ፎቶ ዳምጠው» ነው የሚለው፤ የሱቁን ስም ከሰውየው ስም ለይቶ የሚጠራ በከተማዋ የለም። ጠዋት ሱቁን ሲከፍት መጀመሪያ የመስኮቱን መስታወት በእርጥብ ጨርቅ ይወለውላል፣ ቀጥሎ ከመስታወቱ ኋላ የተሰቀሉትን ሙሽሮች አንድ በአንድ ያቃናል፣ ከዚያም ከጎረቤት የመጣለትን ሻይ ይዞ በሩ ላይ ይቆምና ፊት ለፊቱ ያለውን አደባባይ ያያል። ጭጋጉ ገና ካልለቀቀ ሐውልቱ አይታይም፤ ባጃጆቹ መብራታቸውን አብርተው ባዶ ነገር የሚዞሩ ይመስላሉ፣ የዳቦ ቤቱ ሽታ ከናፍጣ ጭስ ጋር ተደባልቆ ይመጣል፣ ጭጋጉ ቀስ እያለ ሲገፈፍ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚወጣው የዘንዶው ራስ ነው። ዳምጠው ሻዩን ጨርሶ ወደ ሥራው የሚገባው ያን ራስ ካየ በኋላ ነው። ለምን እንደሆነ ራሱን ጠይቆ አያውቅም።

ሐውልቱ የቆመው የድሮውን ተረት ለማስታወስ ነበር፤ አገሩን ይገዛ የነበረው ዘንዶ፣ ሕዝቡ በየዓመቱ አንዲት ልጃገረድ የሚያቀርብለት፣ በመጨረሻም አንድ ጀግና መጥቶ የገደለው። ሲታቀድ ሦስት የነሐስ ምስሎች ነበሩ የታሰቡት። ዘንዶው መጣ፤ አለት ላይ ተጠምጥሞ፣ አንገቱን አርዝሞ፣ ከላይ ወደ ታች የሚያይ። ልጅቷም መጣች፤ የሰው ቁመት ያላት፣ ራሷን የደፋች፣ መዳፎቿን እንደ ለማኝ የዘረጋች። ጀግናው ግን አልመጣም። ኮሚቴው «ጀግናው ምን ይልበስ?» በሚለው ላይ መስማማት አቃተው፤ አንዱ ጋቢ አለ፣ አንዱ የአንበሳ ለምድ አለ፣ አንዱ በፈረስ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ፣ ሌላው «መጀመሪያ የማን ወገን እንደሆነ ይጣራ» ብሎ አዳራሹን ረግጦ ወጣ፤ በዚሁ ለጀግናው የተሠራው የድንጋይ መቆሚያ ባዶውን ቀረ። እንግዳ መጥቶ «ይሄ ባዶው ምንድን ነው?» ሲል የከተማው ሰው ፊቱን ኮስተር አድርጎ «ጀግናው ስብሰባ ላይ ነው» ይለዋል። ሳቁ ደስ ይላል፤ ነገሩ ግን፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ በከተማዋ መሃል የቆሙት የሚበላ ዘንዶና የምትበላ ልጅ ብቻ ነበሩ።

ሌላው የሳቀበትን ባዶ ድንጋይ ዳምጠው እንጀራ አደረገው። ሌሎቹ ፎቶ አንሺዎች ሙሽሮቹን አበባው አጠገብ ደርድረው ያነሳሉ፤ እሱ «የጀግና ፎቶ» የሚባል ነገር ፈጠረ። ሙሽራው ባዶው መቆሚያ ላይ ይወጣል፣ የሚዜውን ዘንግ እንደ ጦር ይጨብጣል፣ ዘንዶውን ገላምጦ ያያል፤ ሙሽሪት ከታች ከነሐሷ ልጅ ጎን ትቆምና የተዘረጋ እጇን ትይዛለች። ይህ ትልቁን አልበም ላዘዘ ብቻ ነው፤ ትልቁን አልበም የሚያዝ ደግሞ በሠርጉ ወራት ሁሉ አንድ ቢገኝ ነው። ሙሽሮቹ ዘንዶውን ይፈሩታል፣ ቀና ብለው ማየት እንኳ አይወዱም፤ ለልጅቷ ግን ሁሉም ያዝኑላታል። ዝናቡና ፀሐዩ ሌላውን ነሐስ አረንጓዴ ሲያደርገው የሷ የጣቶቿ ጫፍ ብቻ ቀይ ሆኖ ቀርቷል፣ እንሶስላ እንደሞቀች ሙሽራ። «አይዞሽ በያት» ይላቸዋል ዳምጠው ካሜራውን እያስተካከለ፤ እነሱም እጇን ጨበጥ አድርገው «አይዞሽ» ይሏትና ፈገግ ይላሉ፤ ያኔ ያነሳቸዋል። አዛኝ ሙሽራ ፎቶ ላይ ታምራለች፣ ይህን ከልምዱ ያውቃል።

ከሠርግ ሌላ የሱቁ ሥራ የለቅሶ ፎቶ ነው። ሰው ሲሞት ፎቶው አድጎ በፍሬም ይደረግና ድንኳኑ ውስጥ ይቆማል፤ እናት ወይም እህት ከፍ አድርጋ ይዛው፣ ለለቀስተኛው እያሳየች፣ ደረቷን እየመታች ታለቅስበታለች። የሞተችው ወጣት ሴት ከሆነች ቤተሰቡ ይዞ የሚመጣው የሠርጓን ፎቶ ነው፣ ከሱ የሚያምር ሌላ ስለማይኖራት። የዳምጠው ሥራ ሟቿን ከሙሽራው፣ ከሚዜዎቹና ከአበባው ለይቶ ብቻዋን መቁረጥ ነው። እጁ ከመልመዱ የተነሳ ከቤተሰቡ ጋር እያወራ፣ እያጽናና፣ አንዳንዴም እያለቀሰ ይቆርጣል።

ወይዘሮ ደጊቱ የሚባሉ እናት በአንድ ዝናባማ ከሰዓት በኋላ የልጃቸውን ትልቁን አልበም በነጠላቸው ጠቅልለው መጡ። ልጅቷ ከተዳረች ዓመት ሳይሞላት አውቶቡስ ተገልብጦባት ነበር።

«ይቺን አሳድግልኝ፣ ልጄ» አሉት፣ የጀግና ፎቶውን በጣታቸው እየዳሰሱ። «እዚህ ላይ ነው የሳቀችው።»

ዳምጠው ሙሽሪትን ብቻዋን ቆረጣት። ከፎቶው ጠርዝ ላይ የአንድ የነሐስ ጣት ጫፍ ስለቀረ በኮምፒውተሩ አጠፋው። ሥራው ቀላል ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት የመጣችው ሟች፣ እሷም የትልቁ አልበም ሙሽራ፣ በወሊድ የሞተች ነበረች። ከሷ በኋላ የመጣችው ደግሞ ምንም አላመማትም፤ ጠዋት ደጃፏ ላይ ፀሐይ ልትሞቅ ተቀመጠች፣ እዚያው እንደተቀመጠች ቀረች። ሞት ምክንያት አያጣም፣ ከተማውም ለያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ምክንያት ሰጥቶ ቀበራቸው፤ አንዷ ከሌላዋ ጋር በምን ትገናኛለች? ሦስቱን ጎን ለጎን ያያቸው ሠርጋቸውንም ለቅሷቸውንም የሠራው ዳምጠው ብቻ ነው። ሥራው ደግሞ እየከበደ ሄዶ ነበር። ለመጀመሪያዋ የጣት ጫፍ ብቻ ነበር ያጠፋው፤ ለሁለተኛዋ ጣቶች፤ ለሦስተኛዋ ግማሽ እጅ፣ በሙሽሪት መዳፍ ላይ የተጠመጠመ፣ እና የሙሽሪትን ጣቶች ከሥሩ እንደገና መሳል ነበረበት። ካሜራውን ይዞ የቆመበት ቦታ ያመጣው ነው ብሎ ተበሳጨና አለፈው።

የሱቁ ጓዳ በጥቁር መጋረጃ የተከለለ ነው፤ ድሮ ፊልም የሚያጥብበት ነበርና ያ የሚኮመጥጥ የመድኃኒት ሽታ ከዓመታት በኋላም ከግድግዳው አልወጣም። አንድ ቀን የሦስቱን ሴቶች ያልተቆረጠ ፎቶ እዚያ ጨለማ ውስጥ በኮምፒውተሩ ላይ ደረደራቸው፣ ምን እንደሚፈልግም በደንብ ሳያውቅ፣ እና ፊቱን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ አየ። በመጀመሪያው ፎቶ የዘንዶው ራስ ከሙሽሪት አናት ከፍ ብሎ ሰማዩ ላይ ነው፤ በሁለተኛው ትከሻዋ ዘንድ ነው፤ በሦስተኛው አፉ ተከፍቶ፣ ጥርሱ ወጥቶ፣ ከተያያዙት እጆች በላይ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ቆሟል። በየቀኑ የሚያየው ሰው የልጁን ማደግ አያስተውልም፤ ከተማውም ዘንዶውን በየቀኑ ስላየው ዝቅ ማለቱን አላስተዋለም። ዳምጠው መጋረጃውን ገልጦ ወጣና አደባባዩን አየ። የነሐሱ ራስ ከሰው ደረት በታች ወርዶ፣ ከልጅቷ መዳፎች ፊት ተጋድሞ ነበር።

ማን ያምነዋል? ዝም አይነቅዝም ብሎ ዝም አለ። ትልቁን አልበም ማስያዝ ብቻ አቆመ፤ ምክንያቱን ለጠየቀው «ወረቀቱ ከገበያ ጠፍቷል» ይላል።

ዝም ማለት ግን ጆሮውን አልዘጋለትም። ዘንዶው ውስጡ ክፍት ነው፤ ነፋስ በአፉ ሲገባ ከሆዱ የሚወጣ ዝቅ ያለ ድምፅ አለው፣ ባዶ ጋን ላይ እንደሚነፋ፣ ከተማውም ለምዶታል። አሁን ዳምጠው አንድ ነገር አስተዋለ፤ ድምፁ ቅጠል በማይነቃነቅበት፣ አቧራው እንኳ በተኛበት ቀትር ይሰማል፣ እና ሁልጊዜ የሚሰማው የሙሽራ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ አደባባዩን መዞር ሲጀምር ነው። ሙሽሪት ከመኪና ወርዳ ወደ አበባው ስትሄድ ይሰማል፤ ወደ ነሐሷ ልጅ ጠጋ ስትል ይበረታል፣ የሱቁ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ራቅ ስትል ይወርዳል። «ርቦታል» አለ ዳምጠው በልቡ። ከዚያ ወዲህ ሻዩን በሩ ላይ ቆሞ መጠጣት ተወ።

እንዲህ እንዳለ ነው አንድ ማታ ሶስና እራት ላይ አንገቷን ደፍታ «አባዬ፣ ናሁሰናይ ሽማግሌ ሊልክ ነው» ያለችው። ሶስና አንድ ልጁ ናት። እናቷ ወይዘሮ አስካለ እልል አለች፤ ዳምጠውም ተነስቶ የልጁን ግንባር ሳመ፣ ሽማግሌዎቹም መጡ፣ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ። ሶስና ስለ ቬሎውም ስለ አዳራሹም «እናንተ እንዳላችሁ» አለች፤ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቀችው።

«የጀግና ፎቶ እፈልጋለሁ፣ አባዬ። የሰው ሲነሳ አይደል የማየው? የኔን ደግሞ አንተው ታነሳኛለህ።»

«ሌላ ቦታ እንነሳለን። ወንዙ አለ፣ ድልድዩ አለ።»

«የፎቶ ዳምጠው ልጅ ድልድይ ላይ ተነሳች ይበሉኝ?»

ሳቀች። ዳምጠው ግን ፈራ፤ እንዲህ ያለ ፍርሃት በሕይወቱ አያውቅም። ቢከለክላት ትሰማዋለች፤ ግን እሱ ባይኖር፣ ሚዜዎቿ ቢጎትቷት፣ መኪናው በዚያ ቢያልፍ? ከተማዋ ያለችው አንድ አደባባይ ናት፤ ወደ ቤተ ክርስቲያንም ወደ አዳራሽም የሚሄድ ሙሽራ ሁሉ ያንን ዘንዶ ሳይዞር አይሄድም። ልጁን ከአደባባዩ ማራቅ ካልተቻለ ዘንዶውን ማራቅ ነው ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሲገላበጥ አደረ።

ጠዋት ወደ ጥሩወርቅ ሄደ። ጥሩወርቅ ቬሎ የምታከራይ ሴት ናት፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት ራሷ የትልቁ አልበም ሙሽራ ነበረች፣ ፎቶዋ ግን ተበላሽቶ ቀርቷል። የነሐሷን ልጅ እጅ ልትይዝ ስትል ጮኸች፣ አንጓዋ ተተልትሎ ቬሎዋ ደም በደም ሆነ፣ ባልዋም ዳምጠውን ሊደበድበው ተጋበዘ። የዚያን ጊዜ ሰው ሁሉ ስለታም የነሐስ ጠርዝ ነው የቧጨራት አለ። አሁን የነጫጭ ቀሚሶች መጋረጃ መሃል ተቀምጣ፣ ትንሹን ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ እጅጌዋን ሰብስባ አሳየችው። ጠባሳው በሁለት ረድፍ የተተከለ ጥርስ ነበር፣ ለማንም የማይጠፋ።

«ዘንዶው ነው የነከሰሽ» አለ ዳምጠው።

«መንከሱንስ ነክሶኛል፣ ጋሽ ዳምጠው። ብናገር ያበደች ይሉኛል ብዬ ነው እንጂ። ግን አነካከሱ...»

«ይሄ ይበቃል። ይሄን ብቻ መስክሪልኝ።»

«እሺ፣ እመሰክራለሁ፤ ግን እኮ እሱ...»

ዳምጠው ተነስቶ ወጥቶ ነበር። የሚፈልገውን አግኝቷል፤ ከዚያ በላይ መስማት ለምኑ?

ለኮሚቴው ስለ ሙታኑ ትንፍሽ አላለም። የሄደው የጥሩወርቅን ክንድ ይዞ ነው፤ ሐውልቱ ሰው ያቆስላል፣ ራሱም ከመሠረቱ ላልቶ እየወረደ ነው፣ ነገ ሕፃን ላይ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል አለ። «ማን ይጠየቃል» የሚለው ቃል አዳራሹን ፀጥ አደረገው። ለነገሩ ዘንዶ በከተማ መሃል መቆሙ በመጀመሪያም ያላስደሰታቸው ብዙ ነበሩ። በጀግናው ልብስ ላይ ለዓመታት መስማማት ያቃተው ኮሚቴ የዘንዶውን አንገት ለመቁረጥ በአንድ ስብሰባ፣ ያለ አንድ ተቃውሞ፣ እጁን አወጣ።

የተቆረጠው በቅዳሜ ቀትር ነው። ከተማው በሙሉ ወጥቶ ነበር፤ ሥራው የተሰጣቸው ብረት ሠራተኞች ግራይንደራቸውን አስነሱ፣ የእሳት ፍንጣሪው በአደባባዩ ላይ ረገፈ፣ የሚቃጠል ነሐስ ሽታ፣ ያ ምላስ ላይ የሚቀመጥ ሽታ፣ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ሞላው፣ ከዘንዶው ሆድ ደግሞ ያ ድምፅ ወጣ፤ ግን የዚያን ቀኑ እንደ ሌላ ጊዜው አልነበረም፣ ከፍ ዝቅ እያለ፣ እየተቆራረጠ፣ አንድ ነገር ሊናገር ቃል እንዳጣ ዲዳ ነበር። ሕፃናት ጆሯቸውን ያዙ። የአደባባዩ ዘበኛ ጋሽ ጥርፌ፣ ዘንዶው ከመጣ ጀምሮ ሲጠብቁት የኖሩ ሽማግሌ፣ ከዳምጠው አጠገብ ቆመው ዱላቸውን ተመርኩዘው ነበር።

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» አሉ፣ ማንንም ሳያዩ።

«ምን ማለትዎ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። ጠዋት ጠዋት እዚህ የምጠርገው የሞተ ወፍ ነው፣ የሞተ ድመት ነው። ሁልጊዜ በልጅቷ በኩል ነው የማገኘው።»

«ስለሚወረውርላት ነዋ!» አለ ዳምጠው፤ ሽማግሌውም ትከሻቸውን ነቀነቁ።

ራሱ ወደቀ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ፣ ያ ድምፅም ተቋረጠ። ሠራተኞቹ ገልብጠው ሲያዩት ጥርሶቹ እንደ አሮጌ በሬ ጥርስ ተሸርፈው አልቀዋል፣ የነሐሷ ልጅ አንጓም ዙሪያውን ጥልቅ ጥልቅ የንክሻ ቦይ ነበረው። «አያችሁ፣ ሲያኝካት ነው የኖረው!» ብሎ ጮኸ ዳምጠው፣ ሕዝቡም አጨበጨበ፤ ጎረምሶች በትከሻቸው አንስተው ባዶው መቆሚያ ላይ አወጡት። «ጀግናው ከስብሰባ ወጣ!» አለ አንዱ፣ አደባባዩ በሳቅ ተናጋ። ዳምጠውም ሳቀ፣ ካልሲው የተቀደደ አሮጌ ፎቶ አንሺ፣ እጁን እንደ ጦረኛ አነሳ፤ ደስታው እንባ አመጣበት። ከዚያ ከፍታ ላይ ሆኖ ቁልቁል ሲያይ የነሐሷ ልጅ ራሷ እንደ ወትሮው የተደፋ አልመሰለውም። የዘንዶው ጥላ ስለተነሳላት ነው አለ፣ አዘነላትም።

የጥር ሠርግ ደረሰ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ አደባባዩ በጥሩምባና በእልልታ ተሞላ፣ አንገቱ የተቆረጠው ዘንዶ አለቱ ላይ እንደ ተጠቀለለ ገመድ ተቀምጧል። ናሁሰናይ ዘንጉን ይዞ መቆሚያው ላይ ወጣ። ሶስና ቬሎዋን ሰብስባ መጣች፣ ጥሩወርቅ ከኋላ ጫፉን እየያዘችላት፤ ወይዘሮ አስካለ ደግሞ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች። ዳምጠው ትልቁን ካሜራ አነሳ። ሙሽራ ስትቀርብ የሚሰማው ያ የቆየ ድምፅ የለም፤ ምንም የለም፤ እንዲያውም ሶስና ወደ ነሐሷ ልጅ አንድ እርምጃ በተራመደች ቁጥር የባጃጁም፣ የእልልታውም፣ የወፎቹም ድምፅ ከጆሮው እየራቀ የሚሄድ ይመስል ነበር። ሰላም ማለት ይህ ነው ብሎ አሰበ።

«እጇን ያዣት፣ የኔ እናት» አላት። «አይዞሽ በያት።»

«አይዞሽ» አለች ሶስና፤ እና ፈገግ አለች። ካነሳቸው ሙሽሮች ሁሉ እንደዚያ ያማረች አልነበረም። ዳምጠው አነሳት፣ ደገመ፣ ሠለሰ።

«ጎሽ። በቃ፣ ልቀቂያት።»

ሶስና ክንዷን ሳብ አደረገች። እንደገና ሳበች። ፈገግታው ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ወረደ።

«አባዬ፣ እኔ አይደለሁም የያዝኩት» አለች።

ሚዜዎቹ ሳቁ፤ አንዷ ወገቧን ይዛ ጎተተቻት፣ ናሁሰናይ ከድንጋዩ ዘሎ ወረደና እሱም ጎተተ፣ እጇም በመጨረሻ ወጣ፣ ጣቶቿ ነጭ ሆነው፣ የቀለበት ጣቷ ቆዳ ተልጦ። ማንም አልተከፋም፤ ሠርግ ነው፣ ለሳቅ የሚሆን ነገር ተገኘ፣ ጥሩምባው ቀጠለ። ጥሩወርቅ ብቻ ነበረች ያልሳቀችው። የሙሽሪትን ቬሎ ማስተካከል ትታ የራሷን አንጓ፣ ያንን ጠባሳ፣ ስታሽ ቆየችና ለዳምጠው ጠጋ አለችው።

«የዚያን ጊዜ አላስጨረሱኝም እንጂ፣ ጋሽ ዳምጠው» አለች ዝግ ብላ፤ «እኔን እኮ አላስይዝ ብሎኝ ነው። እጄን ወደሷ በዘረጋሁ ቁጥር መሃል ይገባል፤ እንቢ ስል ጊዜ ነከሰኝ። ከዚያ እሷን ነከሳት።»

ዳምጠው መለስ ብሎ አየ። መኪናዎቹ እየተንቀሳቀሱ ነበር፤ ሶስና በመስኮት እጇን ታወዛውዝለታለች። የጥሩወርቅ ልጆች በአበባው ዙሪያ ይሯሯጣሉ፣ እናታቸው በሕይወት ስላለች ደስ ብሏቸው የሚኖሩ ልጆች። ትልቁን አልበም ካዘዙት ሁሉ እሷ አንዷ፣ የተነከሰችው፣ ነበረች የቀረችው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ዳምጠው ግን መጮህ እንኳ አልቻለም።

በነጋታው መልስ ነበር። ሙሽሮቹ ከሰዓት በኋላ በሰልፍ ወደ አባት ቤት ይመጣሉ፤ ወይዘሮ አስካለም ገና በጠዋት «ለሳሎኑ ግድግዳ የሚሆነውን ትልቁን ፎቶ አትመህ አምጣ፣ እንግዳ ባዶ ግድግዳ አይይብን» ብላ ወደ ሱቁ ሰደደችው። ሌሊቱን አልተኛም፤ ሶስናን ደጋግሞ ደውሎላት ነበር፤ «ደህና ነኝ እኮ፣ አባዬ፣ ምን ሆነሃል?» ብላዋለች፣ በድምፅዋ ውስጥ ሳቅ ነበረ። ምናልባት ደህና ናት። ምናልባት የሆነ ነገር ማድረግ ይቻላል፤ ወደ ጸበል መውሰድ፣ ከከተማ ማስወጣት፣ ዛሬውኑ ከመልሱ በኋላ። በጥቁሩ መጋረጃ ውስጥ፣ በዚያ የሚኮመጥጥ ሽታ መሃል ተቀምጦ ፎቶውን ከፈተ። ሶስና ፈገግ ብላለች። አጠገቧ የነሐሷ ልጅ ራሷን ሙሉ በሙሉ ቀና አድርጋ፣ ዳምጠው ከዚያ በፊት አይቶት በማያውቀው ፊት፣ በካሜራው ውስጥ አሻግራ እሱን ታየዋለች። ፊቷ ላይ የነበረው ምስጋና ነው።

ከሩቅ የመልሱ ሰልፍ ጥሩምባ ተሰማ። እየቀረበ መጣ፣ ወደ አደባባዩ ገባ፣ የእልልታው ድምፅ ከመስታወቱ ጋር ተጋጨ። ዳምጠው ዓይኑን ከዚያ ፊት ላይ መንቀል አቅቶት ይሰማ ነበር፤ ጥሩምባዎቹ አንድ በአንድ ፀጥ ሲሉ፣ እልልታውም ሲቆም፣ ከዚያ በኋላ የአንዲት ሴት ድምፅ ብቻውን ስሙን ሲጠራ። ፕሪንተሩ ሥራውን ጨርሶ ወረቀቱን አወጣ፤ ዳምጠውም ጎንበስ ብሎ ሲያየው የልጁን ፎቶ ያተመው ለሳሎን ግድግዳ ቢሆንም፣ እጁ ግን እንደ ልማዱ ሶስናን ከሙሽራውና ከሚዜዎቹ ለይቶ ብቻዋን፣ ድንኳን ውስጥ በሚቆመው ልክ፣ ቆርጧት ነበር።